ነጂና እግረኛ፤ በሲሙሌተር ስለሚደረገው ጥናት



ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ከትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት ባለው አስፋልት ላይ አንድ የ2ኛ ክፍል ልጅ በመኪና ተገጭቶ ወደቀ። ልጁ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ በመንደራችን ያለ ሰው ሁሉ ማሙሽ እያለ ስለሚጠራው እኔም በዚህ ጽሑፍ ማሙሽ እለዋለሁ። እግዚአብሔር ይመስገንና የተሰበረው አንድ እግሩ ብቻ ነበር። እኔም ደብተሬን ይዤ ከበሩ ስወጣ ደረስሁና በተሰበሰበው ሰው መካከል ገብቼ የሚባለውን ሰማሁ።

ነጂው ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ነበሩ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፤ «ልጁ ጠርዙ ላይ ቆሞ ወደ እኔ ሲመለከት አይቼዋለሁ፤ ካየኝ ይጠብቀኛል ብዬ ነው የመጣሁት» አሉ። በማግሥቱ ማሙሽን ሆስፒታል ሄጄ ብጠይቀው ደግሞ፤ «ሾፌሩ አይቶኛል፤ ካየኝ ይቆማል ብዬ ነው የሄድኩት» አለኝ።

እንግዲህ ሁለቱም አልዋሹም። ሁለቱም ተመለካክተዋል፤ ከመመለካከታቸው የወሰዱት ትርጉም ግን የተለያየ ነበር። የትራፊክ ፖሊሱ ጎማው በአስፋልቱ ላይ የተወውን ጥቁር መስመር በሜትር ለካ፤ በሁለቱ ልብ ውስጥ የነበረውን አሳብ የሚለካ ሜትር ግን አልነበረውም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ፤ ይህ ነገር እንዴት ሊጠና ይችላል? እያልሁ አስብ ነበር። ምክንያቱም ልጅን ከመኪና ፊት አቁሞ፤ እስኪ ምን እንደሚያደርግ እንይ ማለት አይቻልም።

አሳቤን ለፊዚክስ መምህራችን ባጫውታቸው፤ «ይህን የሚያጠኑ ሊቃውንት አሉ፤ የሚያጠኑትም ሲሙሌተር በሚባል መሣሪያ ነው» ብለው የሚነበብ ነገር ሰጡኝ። የክረምቱንም ዕረፍት በዚሁ አሳለፍሁት። ከዚህ በታች የምጽፈው ካነበብሁት የተረዳሁትን ያህል ነው። የምጠቅሳቸውም ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ሲሙሌተር የሚለውን ቃል በአማርኛ ብንፈታው አስመሳይ ማለት ይሆናል። ነገር ግን አስመሳይ የሚለው ስም በእኛ ዘንድ የሌለውን ጠባይ አለኝ የሚል ሰው የሚነቀፍበት ስለ ሆነ፤ ለመሣሪያው ክብር ስል ሲሙሌተር እያልሁ እቀጥላለሁ። ሥራው እንደዚህ ነው። ሰው መሪ፣ ፍሬንና ነዳጅ መስጫ ባለው እውነተኛ የመኪና ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ መኪናው ግን የትም አይሄድም። በፊቱና በግራ ቀኙ እንደ ሲኒማ ያለ መጋረጃ ተዘርግቶ መንገዱን፣ ቤቱንና አላፊ አግዳሚውን ያሳየዋል። ነጂው መሪውን ሲያዞር ኮምፒዩተሩ ሥዕሉን አብሮ ያዞረዋል፤ ፍሬን ሲረግጥም ሥዕሉ እየዘገየ ሄዶ ይቆማል። በዚህም ጊዜ ነጂው ፍሬኑን በየትኛው ቅጽበት እንደ ረገጠና ምን ያህል አጥብቆ እንደ ረገጠ ይመዘገባል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን፤ ነጂው ቢሳሳት የሚሞት ሰው አለመኖሩ ነው።

አሳቡ የመጣው ከአውሮፕላን ነው፤ ኤድዊን ሊንክ የተባለ አሜሪካዊ በ1929 ዓ.ም. ለአብራሪዎች መለማመጃ የሚሆን መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ለመኪና ከተሠሩት ውስጥ ስሙ የገነነው ዳይምለር ቤንዝ በ1985 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ ያቆመው ነው። ይህ መሣሪያ የሚቆምባቸው ስድስት እግሮች ነበሩት፤ እግሮቹ እየረዘሙና እያጠሩ በላዩ ያለውን መኪና ያዘነብሉት፤ ይነቀንቁትም ነበር፤ ስለዚህ የተቀመጠው ሰው በእውነት የሚሄድ ይመስለው ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚህ መሣሪያ በተደረገው ምርመራ አንድ ያልታሰበ ነገር ተገኘ። ሁላችንም የደነገጠ ሰው ባለ በሌለ ኃይሉ ፍሬን የሚረግጥ ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አብዛኞቹ ነጂዎች አደጋ ድንገት ሲመጣባቸው ፍሬኑን የሚረግጡት ቶሎ ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው አጥብቀው አይረግጡትም። ከዚህም የተነሣ የነጂውን እግር ፍጥነት አይቶ የቀረውን ኃይል ራሱ የሚጨምር ረዳት ፍሬን ተፈለሰፈ፤ በ1996 ዓ.ም. በመርሴዲስ መኪናዎች ላይ ተገጠመ።

እስከዚህ የተናገርሁት ስለ ነጂው ነው። እግረኛው ለብዙ ዘመን በነጂው መጋረጃ ላይ ብቅ የሚል ሥዕል ብቻ ነበር፤ የራሱ አሳብ እንዳለው ሰው አልተቆጠረም። ይህ ጉድለት እኔን በጣም ይገርመኛል፤ ምክንያቱም የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ መሠረት በ2021 ዓ.ም. ብቻ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ሞቷል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያለውንም ሰው ከማናቸውም በሽታ ይልቅ የሚገድለው ይኸው አደጋ ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ በዚህ አደጋ ከሚሞቱት የሚበዙት በመኪና ውስጥ ያሉት ሳይሆኑ በእግራቸው የሚሄዱት ናቸው።

እግረኛውን ለማጥናት ከተደረጉት ሙከራዎች እጅግ ደስ ያሰኘኝ ምንም ኮምፒዩተር የሌለበት ነው። በስኮትላንድ በኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ሊ የተባሉት ሊቅና የሥራ ጓደኞቻቸው በ1984 ዓ.ም. ይህን አሳተሙ። በእውነተኛው መንገድ አጠገብ፤ መኪና በማይገባበት ስፍራ፤ ስፋቱ የእውነተኛውን መንገድ ያህል የሆነ የውሸት መንገድ ያበጃሉ። ልጁ በውሸቱ መንገድ ጠርዝ ላይ ይቆምና በእውነተኛው መንገድ የሚመጡትን መኪናዎች እያየ፤ በእኔ መንገድ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ብሎ በማሰብ የውሸቱን መንገድ ይሻገራል። መኪናው በልጁ ፊት ለፊት ሲያልፍ ልጁ ወዲያ ማዶ ደርሶ ከሆነ ድኗል፤ በመካከል ከሆነ ግን ተገጭቷል ማለት ነው። ልጆቹ ብዙ ጊዜ ሊሻገሩበት የሚችሉትን ሰፊ ክፍተት ዝም ብለው ያሳልፉት ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በማይበቃ ክፍተት ይገቡ ነበር። ሆኖም በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ጥናት የ5 ዓመት ልጆች እንኳ በዚህ መንገድ ቢለማመዱ በጣም እንደሚሻሻሉ አሳየ።

በአሜሪካ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ጆዲ ፕለመርትና ጆሴፍ ከርኒ የሚባሉት ሊቃውንት ደግሞ ልጆችን በቆመ ቢስክሌት ላይ አስቀምጠው በሦስት መጋረጃ የተከበበች የሥዕል ከተማ ውስጥ አስኬዷቸው። በ2004 ዓ.ም. የታተመው ውጤታቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የ10 እና የ12 ዓመት ልጆች የመረጡት ክፍተት ትልልቆቹ ሰዎች ከመረጡት ጋራ እኩል ነበር። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ትልቁ ሰው የፊተኛው መኪና እንዳለፈ ወዲያው ከኋላው ይገባል፤ ልጁ ግን ክፍተቱን መርጦ ሳለ ዘግይቶ ይነሣል። ስለዚህ ማዶ ሲደርስ የሚተርፈው ጊዜ ያነሰ ነው። ልጁ አላዋቂ ሆኖ አይደለም፤ ዓይኑና እግሩ ገና አልተስማሙም። በ2018 ዓ.ም. በዚያው ዩኒቨርሲቲ በእግራቸው በሚሻገሩ ልጆች ላይ የተደረገው ጥናትም ይህ ስምምነት እንደ ትልቅ ሰው የሚሆነው ወደ 14 ዓመት ገደማ መሆኑን ገልጿል። አንባቢ ሆይ፤ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ካለህ ይህን ቁጥር አስታውስ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እገባለሁ። በፈረንሳይ አገር ሬጂ ሎብጁዋና ቪዮላ ካቫሎ በ2007 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፤ ሰዎችን ከመጋረጃ ፊት አቁመው፤ አሁን ብትሻገር ትደርሳለህን? እያሉ ጠየቁ። የመኪናውንም ፍጥነት ይለዋውጡ ነበር። ሰዎቹ፤ በተለይም አረጋውያኑ፤ መኪናው ሊደርስ የቀረውን ጊዜ በመመዘን ፈንታ መኪናው ያለበትን ርቀት ይመዝኑ እንደ ነበር ተገኘ። መኪናው ሩቅ ከሆነ፤ ምንም ያህል ቢፈጥን፤ ጊዜ ያለ ይመስላል። ዓይናችን ሜትርን እንጂ ሰከንድን ለመቁጠር የተለማመደ አይደለም።

ይህ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ በሂሳብ እናሳይ። ከትምህርት ቤታችን በር ፊት ያለው መንገድ ስፋቱ 7 ሜትር ነው። በሰከንድ 1.4 ሜትር የሚራመድ ሰው በ5 ሰከንድ ይሻገረዋል። ከመሻገሪያው በስተ ቀኝ 60 ሜትር ርቆ አንድ የመብራት ምሰሶ አለ። መኪናው ምሰሶው አጠገብ ሲደርስ ልጁ ለመሻገር ተነሣ እንበል። መኪናው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ በሰከንድ 8.3 ሜትር ያህል ይጓዛልና ልጁ ፊት ለመድረስ 7.2 ሰከንድ ይፈጅበታል። ልጁ ተሻግሮ ከሁለት ሰከንድ በላይ ይተርፈዋል። መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ግን በሰከንድ 16.7 ሜትር ይጓዛል፤ የሚደርሰውም በ3.6 ሰከንድ ነው። በ3.6 ሰከንድ ልጁ የተራመደው 5 ሜትር ብቻ ነው። በአገራችን መኪና ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ፤ ከቀኝ የሚመጣው መኪና የሚያልፈው በሁለተኛው፤ ማለት ከልጁ በሚርቀው መሥመር ነው። 5 ሜትር የዚያ መሥመር መካከል ነው። ምሰሶው ያው ምሰሶ፤ ልጁም ያው ልጅ ነው።

ነጂውስ? አይቶ እግሩን ፍሬኑ ላይ እስኪያደርስ 1 ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል፤ አስፋልቱም ደረቅ ይሁን። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄደው መኪና በዚያች ሰከንድ 8 ሜትር፤ ፍሬን ከያዘ በኋላ ደግሞ 5 ሜትር ያህል ተጉዞ ይቆማል። በ60 የሚሄደው ግን በአንዷ ሰከንድ 17 ሜትር፤ ከፍሬን በኋላም 20 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና። በጠቅላላው 37 ሜትር ነው። እንግዲህ ከ60 ሜትር ላይ ወዲያው ቢወስን ይደርስ ነበር። ነገር ግን፤ ልጁ አይቶኛል፤ ይመለሳል፤ ይጠብቀኛል እያለ አንድ ሰከንድ ተኩል ብቻ ቢያመነታስ? ከመነሻዋ ሰከንድ ጋራ 42 ሜትር ያህል ተጉዟል፤ የቀረው 18 ሜትር ነው፤ ፍሬኑ የሚፈልገው ግን 20 ነው። ይህም ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ከተረገጠ ነው፤ የበርሊኑ ምርመራ ደግሞ ብዙ ሰው እንዲህ አጥብቆ እንደማይረግጥ ነግሮናል። ይህን ሂሳብ ሠርቼ በጨረስሁበት ሌሊት የነጂው እጅ መንቀጥቀጥ ትዝ ብሎኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሂሳቡ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ነጂው የሚያደርገው እግረኛው በሚያደርገው ላይ ተንጠልጥሏል፤ የእግረኛውም እንዲሁ። አንዱ ሥዕል፤ አንዱ ሰው ከሆነ ይህ መጠባበቅ አይታይም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ሁለት ሲሙሌተሮችን ማገናኘት ጀመሩ። በጀርመን የሙኒክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ በ2010ዎቹ እንዲህ አድርጓል፤ እኔ በሰፊው ያነበብሁት ግን በእንግሊዝ አገር ስላለው የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ ሃይከር የሚባል የእግረኛ ሲሙሌተር አለ። 9 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ክፍል ነው፤ በግድግዳውና በወለሉ ላይ መንገድ ይሣልበታል። የሚፈተነው ሰው ልዩ መነጽር አድርጎ በገዛ እግሩ ይራመዳል፤ ራሱን ባዘነበለ ቁጥር ሥዕሉ አብሮት ይለወጣል። ከዚህ ክፍል ጋራ የነጂውን ሲሙሌተር ሲያገናኙት፤ በእግረኛው ግድግዳ ላይ የሚመጣውን መኪና የሚነዳው በሌላ ስፍራ የተቀመጠ እውነተኛ ሰው ይሆናል፤ በነጂውም መጋረጃ ላይ የሚታየው የሰው አምሳል እውነተኛው እግረኛ በተራመደ ጊዜ ይራመዳል። አንዱ ሲያመነታ ሌላው ያየዋል። ማን ቀድሞ እንዳለፈና በየትኛው ቅጽበት ማን አሳቡን እንደ ለወጠ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይመዘገባል። (በእንግሊዝ አገር መኪና ግራውን ይዞ ስለሚሄድ ከእኛ አንዱ እዚያ ቢፈተን መጀመሪያ የሚመለከተው ወደ ተሳሳተው ወገን ነው፤ ይህ በቀልድ የሚታለፍ ነገር አይደለም።)

በ2023 ዓ.ም. በታተመው የሊድስ ጥናት፤ የዜብራ መስመር በተሰመረበት ስፍራና መኪናው ሊደርስ ብዙ ሰከንድ በቀረው ጊዜ እግረኛው ቀድሞ ማለፉ በዛ። መስመር በሌለበት ግን ሁለቱም በመኪናው አመጣጥ ብቻ መተማመን ነበረባቸው። ይህን ሳነብ፤ የመኪናው አካሄድ ራሱ ንግግር መሆኑን ተረዳሁ። ነጂው ከሩቅ ፍጥነቱን ቢቀንስ «እለፍ» ማለቱ ነው፤ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ቢመጣ «ቁም» ማለቱ ነው። ዓይን ግን እምብዛም አይናገርም። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተደረገ፤ በ2019 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፤ መኪናው 15 ሜትር ርቆ ሳለ ከአሥሩ ሰው ከዘጠኝ የሚበልጠው ነጂው ወዴት እንደሚመለከት ለይቶ አያውቅም፤ በ30 ሜትር ላይ ደግሞ ነጂውን ራሱን አያየውም። ማሙሽ «ሾፌሩ አይቶኛል» ያለው ምናልባት መስተዋቱን አይቶ ነው።

ሲሙሌተር እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ሥዕሉ ሲሄድ አካል ስለማይሄድ አንዳንድ ሰው ያጥወለውለዋል፤ ሙከራውንም ሳይጨርስ ይወርዳል። እንደሚፈተን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ወይ ይጠነቀቃል፤ ወይ ሞት እንደሌለ ስለሚያውቅ ይደፍራል። ተቀምጦ «አዎን፤ እሻገራለሁ» ማለትና ተነሥቶ መራመድም አንድ አይደሉም። ከዚህም ሌላ እኔ ባነበብኋቸው የሥዕል ከተሞች ውስጥ፤ መንገድ ዳር ቆሞ ሰው የሚያወርድ ሚኒባስና ከፊቱ ብቅ የሚል ተማሪ፣ በአስፋልት ላይ የሚነዳ አህያ፣ የእግረኛ መንገዱ በአሸዋ ክምር ስለ ተያዘበት ወደ አስፋልት የወረደ ሽማግሌ አላገኘሁም። የእኛን መንገድ የሚያውቅ ሲሙሌተር የእኛን መንገድ በሚያውቁ ሰዎች መሠራት ይኖርበታል፤ ከክፍላችንም ኮምፒዩተር የሚወዱ ልጆች ስላሉ ነገሩን ለእነርሱ ትቼዋለሁ።

እኛ ግን የኤዲንበርጉን መንገድ ሞከርነው። የትምህርት ቤታችን አጥር ብረት ስለ ሆነ አስፋልቱ ከውስጥ ይታያል። መምህራችን አብረውን ቆመው፤ የኳስ ሜዳ በሚሰመርበት ኖራ 7 ሜትር ስፋት ያለው የውሸት መንገድ በአጥሩ ውስጥ አሰመርን። አንዱ ሰዓት ያዘ፤ ሁለተኛው መኪናው በልጁ ትክክል ሲያልፍ እጁን ያነሣ ነበር። መጀመሪያ የተሻገርነው እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። የምንኮራበት ውጤት አላገኘንም፤ እኔ ራሴ አንድ ነጭ ፒክአፕ ከሩቅ አይቼ በእርጋታ ስሄድ በሦስተኛው እርምጃዬ ላይ እጅ ተነሣብኝ። ጓደኞቼ «ነፍስ ይማር» ብለው ሣቁ።

ማሙሽ እግሩ ድኖ ከተመለሰ በኋላ እናቱን አስፈቅደን ወደ ኖራው መንገድ አመጣነው። ጠርዙ ላይ ቆሞ ብዙ መኪና አሳለፈ። «ለምን አትሄድም?» ብለው ልጆቹ ቢጮኹበትም አልተነቃነቀም። በኋላ ሰፊ ክፍተት መጣ፤ ዓይኑ ክፍተቱን እንዳየው ከፊቱ አወቅሁ፤ እግሩ ግን ትንሽ ቆይቶ ተነሣ፤ ልክ የአይዋዎቹ ሊቃውንት እንደ ጻፉት። ማዶውን መስመር ረግጦ ዘወር ከማለቱ እጅ ተነሣ።

«ጋሼ፤ ደረስሁ?» አለኝ።

ሰዓቱን አየሁ። የተረፈችው ግማሽ ሰከንድ ነበረች፤ ነገርሁትም። ምንም ሳይመልስ ወደ መጀመሪያው ጠርዝ ተመልሶ ቆመና እንደገና ወደ ቀኝ ተመለከተ።